የአርባ ክንድ ገመድ

የአገሪቱን ስም ታሪኩን ያወጉን ሰዎች አልነገሩንም። ጠይቀናቸው ነበር፤ «ስሟ ምን ያደርግላችኋል? ስታዩአት ታውቋታላችሁ» ብለው አለፉት። እኛም ስም ሳናወጣላት እንዲሁ እናወጋለን።

በዚያች አገር ሦስት ዓይነት ሰዎች ይኖሩ ነበር። የምንጭ ልጆች ወደ ውሃ ዞረው ይጸልያሉ። የሾላ ልጆች ከትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይሰግዳሉ። የኮከብ ልጆች ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ከደጃቸው ቆመው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ሦስቱም በአንድ አጥር ተጎራብተው፣ ከብት በወል እያሰማሩ፣ ሲታመሙ እየተጠያየቁ፣ ሲሞቱ እየተቀባበሩ ብዙ ዘመን ኖሩ። ክርክርማ ነበረ። በገበያ ቀን ከሦስቱም ወገን ስለ እምነታቸው በአደባባይ የሚናገሩ፣ «ጠሪ» የሚባሉ ሰዎች በየድንጋያቸው ላይ ወጥተው ይናገራሉ። የፈለገ ቆሞ ይሰማል፤ ያልፈለገ ሽንኩርቱን ገዝቶ ይሄዳል።

ነገሩ የተበላሸው መለከት የመጣ ጊዜ ነው። አንዱ ጠሪ መለከት አስነፋ። ሌላው ከበሮ አመጣ። ሦስተኛው ሃያ ጎረምሳ አሰልፎ ያስጮህ ጀመር። ገበያተኛው የበርበሬ ዋጋ ለመጠየቅ የሻጩ ጆሮ ሥር መጮህ ግድ ሆነበት። ይህም አልበቃ ብሎ ጠሪዎቹ ድንጋያቸውን ትተው በሌላው ሰው ደጅ እየቆሙ የሌላውን አምላክ መስደብ፣ የሌላውን ሙት መቃብር የውሻ ጉድጓድ ማለት ያዙ። አንድ የገበያ ቀን ቃል አለቀና ዱላ ተነሳ። አሥራ አንድ ቤት ተቃጠለ። ከሾላ ልጆች ወገን የሆነ ድንበሩ የሚባል ሸማኔ፣ ጥጥ ሊገዛ የወጣ ሰው፣ ከመሀል ተገኘና ግራ ዓይኑ ፈሰሰ።

በማግሥቱ ሕዝቡ ራሱ ወደ ንጉሡ አቤት አለ፤ «ጸጥታ ስጠን» ብሎ። ንጉሡም ሰጠ። አንደኛ፤ ማንም ሰው በሌላው ደጅ ቆሞ እምነቱን አይጥራ፤ የሌላውንም አይስደብ። ሁለተኛ፤ መለከትና ከበሮ ከጸሎት ቤት ቅጥር አይውጣ። አዋጁ ሲነገር ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሰዉም «አሁን ገና ንጉሥ አገኘን» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ወግ አይወጋም ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ግን ሁለት አንቀጽ ብቻ ያለው ሕግ አፈሩ። እግር የጎደለው በርጩማ መሰላቸውና ሦስተኛ ጨመሩበት፤ «የሌላ እምነት ሰው ሊሰማው በሚችልበት ስፍራ የተነገረ የእምነት ቃል ሁሉ ስብከት ነው። ስብከት ከጸሎት ቤት ውጭ ክልክል ነው።»

ክልከላ ሲወለድ ጠባቂ አብሮት ይወለዳል። በየሰፈሩ የጆሮ ሹም ተሾመ። የጆሮ ሹም አንገቱ ላይ ከናስ የተሠራ ጆሮ ያንጠለጥላል፤ በትከሻው አርባ ክንድ ገመድ ይሸከማል። የሰው ድምፅ ከአርባ ክንድ እንደማያልፍ በቤተ መንግሥት ተለክቶ ተረጋግጧልና። የተለካው በአዳራሽ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጉንፋን በያዘው ዘበኛ ድምፅ ነበር ይባላል።

ሹሞቹ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ተቸገሩ። ሰው ሲያስነጥሰው ጎረቤቱ «ይማርህ» ይለዋል። የሚምረው ማነው? የምንጩ፣ የሾላው ወይስ የኮከቡ? ነገሩ ወደ ላይ ተላከ። ሊቃውንት ተሰበሰቡ፤ ሰባት ወር መከሩ። በመጨረሻ «ባለቤቱ ያልተጠቀሰ ግስ ሁሉ ለንጉሡ ይቆጠራል» የሚል ማብራሪያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያስነጥሰውን ሁሉ የሚምረው ንጉሡ ሆነ።

የታችኛው ሰፈር የጆሮ ሹም አንለይ ይባላል። ከኮከብ ልጆች ነው። ከመሾሙ በፊት ድንጋይ እየጠረበ የእርሻ ካብ የሚክብ ሰው ነበር። ያን የጠብ ቀን ድንበሩን ከአቧራው አንስቶ፣ አዝሎ ቤቱ ያደረሰው እሱ ነው፤ ደሙ ጀርባውን አልፎ እስከ ተረከዙ ወርዶ ነበር። ስለዚህ «ሹም ሁን» ሲሉት አላመነታም። ይህ ነገር እንዳይደገም ከሆነ ገመዱንም ናሱንም እሸከማለሁ አለ። ስድስት ዓመት ሲያገለግል ጉቦ አልበላም፤ ማንንም በሐሰት አልከሰሰም። ሰፈርተኛው ግን ሲያልፍ ሲያገድም «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር።

እንዲህ እያለ በስድስተኛው ዓመት፣ በመኸር፣ እማማ ስንዱ አረፉ።

እማማ ስንዱ ከምንጭ ልጆች ናቸው፤ የሰፈሩ አዋላጅ። አርባ ዓመት ሙሉ በዝናብም በፀሐይም ተጠርተው ቀሩ ተብሎ አያውቅም። የማን ወገን ናት ብለው ሳይጠይቁ ያዋለዷቸው ልጆች፣ የልጆች አባትና እናት ሆነዋል። ሞታቸው በተሰማ ጊዜ የሾላ ልጆች ዶማ ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። በዚያ ሰፈር ሐዘንተኛ የራሱን ሙት ጉድጓድ አይቆፍርም፤ የሚቆፍርለት የሌላ ወገን ጎረቤት ነው። አንድ ሰው ሲቀበርም ከሦስቱም ወገን ቤት የሚቀር የለም። ቀብር ያልደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ እሳት እንኳ አይጫርለትም።

የምንጭ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሙት ከመሬት ሳይገባ የበኩር ልጁ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ሰማይ ሥር፣ የመሸኛውን ቃል ጮክ ብሎ ሰባት ጊዜ ይጠራል። የሞተ ሰው መንገዱን የሚያውቀው ተጠርቶ ሲነገረው ነው ይላሉ። ጣራ ሥር ከተባለ ቃሉ ከጣራው ተጋጭቶ ይወድቃል፤ ሙቱም ከመንገድ ቆሞ ይቀራል።

የእማማ ስንዱ ልጅ መርሻ ጧት አንለይ ደጅ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«አያ አንለይ፣ እናቴ አረፈች።»

አንለይ ሊያቅፈው ተነሳ። መርሻ ግን ደጃፉን አላለፈም።

«አንተን ጎረቤቴን ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለ። «ሹሙን ብዬ ነው። ነገ እንቀብራታለን። ቃሉን ከጠራሁ ሰዉ አጠገቤ ሊቆም አይችልም፤ ይሰማላ። ሰዉ ከቆመ ደግሞ ቃሉን ልጠራ አልችልም። እናቴን ያለ ቃል ልሸኛት ወይስ ያለ ሰው? ሹሙ አንተ ነህ። ምረጥልኝ።»

አንለይ፣ «እስከ ማታ ታገሠኝ» ብሎ በቅሎውን መጫን ጀመረ። የአውራጃው አዛዥ የሚቀመጡበት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሚስቱ ዘርፌ ልጓሙን እያቀበለችው፣

«ትንሿ ልጃችን ስትወለድ ትዝ ይልሃል?» አለችው። «እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አልተነፈሰችም። እማማ ስንዱ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አሏት፤ ከዚያ አለቀሰች። በየትኛው እምነት እንዳሏት ጠይቀሃቸው ነበር?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«እንግዲያው ዛሬ ምን ልትጠይቅ ነው የምትሄደው?»

አንለይ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

አዛዥ ጥላዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠጉራቸው የነጣ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበራቸው ብድግ የሚሉ ጨዋ ናቸው። የአንለይን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ የሕጉን መጽሐፍ አውጥተው በጣታቸው መስመር መስመሩን እየተከተሉ አነበቡ።

«የጥጥ አንቀጽ አለ» አሉ። «ቀባሪዎቹ ጆሯቸውን በጥጥ ከደፈኑ እንዳልሰሙ ይቆጠራል። ጥጡን የሚደፍነው ግን ከዋናው ከተማ የሚመጣ ባለሙያ ነው። ብንጽፍለት በሁለት ሳምንት ይደርሳል።»

«ጌታዬ፣ ሬሳ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።»

«እውነትህን ነው፤ አይጠብቅም።» ገጹን ገለጡ። «እንግዲያው ገመድህን ዘርጋ። ሰዉ ከአርባ ክንድ ወዲያ ይቁም፤ ልጁ ከአርባ ክንድ ወዲህ ይጥራ። ሕጉም ይከበራል፣ ሟችም ትሸኛለች።»

«እኔስ ጌታዬ? እኔ የኮከብ ልጅ ነኝ። ሕጉ መከበሩን ለማየት ከልጁ አጠገብ መቆም አለብኝ። አጠገቡ ከቆምኩ እሰማለሁ። እኔ ከሰማሁ ስብከት ሆነ ማለት ነው።»

አዛዡ ፈገግ አሉ። ይህን ጥያቄ ሌሎችም ጠይቀዋቸዋል።

«ሹም ሹመቱን በለበሰ ጊዜ ሰው አይደለም» አሉ። «የምትሰማው አንተ አይደለህም፤ ናሱ ነው።»

አንለይ አንገቱ ላይ ያለውን ናስ በእጁ ገለበጠው። አዛዡ ይህን አዩና ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ልብህ ሲዝል የድንበሩን ዓይን አስብ። ይህ ሁሉ ያ ዓይን እንዳይደገም ነው።»

በዚያ አገር ስለ ሦስተኛው አንቀጽ ለሚያጉረመርም ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይህ ነበር። የድንበሩ ዓይን በአዋጅ ተነግሯል፤ በመዝገብ ተጽፏል፤ ተማሪዎችም ተምረውታል። አንለይ ያን ዓይን ሲፈስ አይቷልና እጅ ነስቶ ወጣ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እማማ ስንዱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሰዉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ቀብር ታይቶ አያውቅም ይላሉ። አንለይ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ገመዱን ዘረጋና ጫፉ በደረሰበት ላይ ካስማ ተከለ። «ከዚህ አትለፉ» አለ። ማንም አልተከራከረውም። የምንጭ ልጆች በጉድጓዱ ዙሪያ ቆሙ፤ ጥቂት ናቸው፤ ሽማግሌዎችና ሴቶች ይበዛሉ። ሌላው ሕዝብ ሁሉ ከካስማው ወዲያ ሜዳው ላይ ቀረ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የሾላ ልጆች እንኳ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ ኋላ ተመለሱ።

መርሻ ወደ ወንዙ ዞሮ ጠራ።

«እናቴ ሆይ፣ በዚህ በኩል እለፊ። ውሃው ጥልቅ አይደለም። ከማዶ የሚቀበልሽ አለ።»

አንድ አለ። ሁለት አለ። ነፋሱ ከወንዙ ወደ ሜዳው ይነፍስ ነበርና ቃሉ ከአርባ ክንድ አልፎ፣ ካስማውን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ እስከቆሙት አሮጊቶች ደረሰ። ሁሉም ሰማ። አዛዥ ጥላዬ ይህን አላሰቡትም ነበር።

በሦስተኛው ጥሪ የመርሻ ድምፅ ተሰበረ። አራተኛውን ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። በዚያ ሰፈር ልማድ ሐዘንተኛ ሲዝል ጎረቤት በሁለት ብብቱ ገብቶ ይይዘዋል፤ ብቻውን አይወድቅም። አሁን ግን ይይዙት የነበሩት ጎረምሶች ሁሉ ከካስማው ወዲያ ናቸው። መርሻ በአንድ እጁ አፈሩን ተደግፎ በርከክ አለ።

ይኼን ጊዜ አንድ ሰው ካስማውን አልፎ ወደ ጉድጓዱ መራመድ ጀመረ። ድንበሩ ነው፣ ሸማኔው። በአንድ ዓይኑ መሬቱን እያየ፣ ሳይቸኩል፣ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ።

የሕዝቡ ዓይን ሁሉ አንለይ ላይ አረፈ። ሕጉ የታወቀ ነው። ሹሙ ናሱን ሦስት ጊዜ መምታት አለበት፤ ናሱ ሲመታ ጥሪው ይቋረጣል፤ ያለፈው ሰው ይያዛል። አንለይ ናሱን ጨበጠ። ቀዝቃዛ ነበር። ድንበሩን አየ፤ ከዚያ መርሻን አየ። ናሱን ለቀቀና ወደ ካስማው ሄዶ ነቀለው። ገመዱን ክንዱ ላይ መጠምጠም ጀመረ። እየጠመጠመ ወደ ጉድጓዱ በተጠጋ ቁጥር ሕዝቡም ከኋላው እርምጃ በእርምጃ ተጠጋ። ገመዱ ሲያልቅ ሁሉም ከጉድጓዱ ዙሪያ ቆሞ ነበር።

ድንበሩ መርሻን በቀኝ ብብቱ ያዘው። በግራው አንለይ ገባ።

«በል ጥራ» አለው ድንበሩ። «አራት ይቀርሃል።»

መርሻ አራቱን ጠራ። ማንም የራሱን እምነት አልተወም፤ ማንም ወደ ሌላው እምነት አልገባም። እማማ ስንዱ ተቀበሩ፤ ሰዉም ንፍሮውን ቀምሶ ወደየቤቱ ተበተነ።

አንለይ ሌላ ሰው እስኪያሳጣው አልጠበቀም። በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ሄደና አዛዥ ጥላዬ ፊት ቆመ። «ሕጉን ጥሻለሁ» አለ። አዛዡ ደነገጡ፤ ይወዱት ነበር። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነውና ችሎት ተሰየመ። በእንዲህ ያለ ነገር ከሦስቱም ወገን አንድ አንድ ዳኛ ይቀመጣል፤ የመሀሉ ራሳቸው አዛዡ ናቸው።

«በቀብሩ ላይ ምን ሰማህ?» ብለው ጠየቁ።

«መርሻ እንዲህ አለ፤ እናቴ ሆይ...»

«ቁም!» አሉ የሾላው ዳኛ፣ ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው። «እኛ እኮ እምነታችን የተለያየ ነው። እዚህ ከተናገርከው ስብከት ነው።»

ዳኞቹ ተያዩ። ቃሉ ካልተነገረ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም። ቃሉ ከተነገረ ደግሞ ችሎቱ ራሱ ጥፋተኛ ነው። ጸሐፊው ይጻፍ ተባለ፤ እሱም የኮከብ ልጅ ነበርና ልጽፍ የምችለው ከሰማሁ ነው አለ። እስከ ቀትር ሲመክሩ ቆይተው በመዝገቡ ላይ «አንድ ነገር ተባለ» ተብሎ እንዲሰፍር ተስማሙ።

መዝገቡ ሳይዘጋ በሩ ላይ ግርግር ሆነ። አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ዘበኞቹን እየለመነ ገባ። በእግሩ ነበር የመጣው።

«ማነህ?» አሉ አዛዥ ጥላዬ።

«ድንበሩ እባላለሁ ጌታዬ። ዓይኑ የኔ ነው።»

አዛዡ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሲጠሩት መልኩን አይተውት አያውቁም ነበር። ብድግ አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ልማዳቸው ነውና። ድንበሩም መናገር ጀመረ።

«በኔ ዓይን ስም ብዙ ይፈረዳል ሲሉ እሰማለሁ። አንድ ቀን ግን የጠየቀኝ የለም። በደጄ መለከት የሚነፋውን ከልክሉልኝ ብዬ ነበር፤ ከለከላችሁልኝ፤ እግዜር — ይቅርታ፣ ይስጥልኝ። የአባቴን መቃብር የውሻ ጉድጓድ ያለውን ገሥጹልኝ ብዬ ነበር፤ ገሠጻችሁልኝ። ጎረቤቴ እናቱን ሲሸኝ አታሰሙኝ ብዬ ግን አልለመንኩም። እኔ የሾላ ልጅ ነኝ፤ ልጄ የተወለደው ግን በእማማ ስንዱ እጅ ነው። ቀብራቸው ላይ ከካስማ ወዲያ ስቆም፣ ያን ጊዜ ዓይኔ ከፈሰሰበት ቀን ይልቅ አፈርኩ።»

አዛዥ ጥላዬ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ስማኝ ወንድሜ። ዛሬ የቀብር ቃል ቢፈቀድ ነገ ጠሪው ድንጋዩ ላይ ይወጣል። ከነገ ወዲያ መለከቱ ይመለሳል። አንተ ከተመታህ በኋላ ሌላው እንዳይመታ ብዬ የምፈራው እኔ ነኝ።»

ድንበሩ የሰውየው ፍርሃት ሐሰት እንዳልሆነ አይቷል።

«ጠሪው ድንጋዩ ላይ ይውጣ ጌታዬ» አለ። «ዓይኔን እንጂ እግሬን አላጣሁም። ነገሩ ካልጣመኝ እሄዳለሁ። መለከቱን ይዞ ቤቴ ድረስ ከተከተለኝ፣ ያን ጊዜ ሕግ ያለህ ብዬ እጮሃለሁ፤ ያን ጊዜ ድረሱልኝ። ከዚያ በፊት ያለውን ለኛ ተዉት። ጎረቤታሞች ነን፤ እናውቅበታለን።»

ፍርዱ በማግሥቱ ተነገረ። አንለይ ሕጉ በጸናበት ቀን ሕጉን ጥሷልና ከሹመቱ ተሻረ፤ ናሱንም ገመዱንም መለሰ። አዛዥ ጥላዬ ናሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። በዚያው ቀን ግን ረጅም ደብዳቤ ጽፈው ወደ ቤተ መንግሥት ላኩ። የድንበሩን ቃል አንድም ሳያጎድሉ አሰፈሩበት።

መልሱ በስምንተኛው ወር መጣ። አንደኛውና ሁለተኛው አንቀጽ እንደጸኑ ይቆያሉ፤ ሦስተኛው «እስኪጠና ድረስ ታግዷል» ይላል። እስከ ዛሬም እየተጠና ነው። አጥኚዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል፤ ሦስተኛዎቹ ገና ወንበር እየጠበቁ ናቸው።

አንለይ ወደ ካቡ ተመለሰ። ሥራው እንዳይከብደው ሳይሆን ሰው እንዳይከብደው ይፈራ ነበር። ሹም ሳለ ወደ ተሰበሰበ ሰው ሲጠጋ ወሬው ወዲያው ወደ ዝናብና ወደ ከብት ይዞር ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ስለ ዝናብ ያልሰማው ነገር የለም። ከተሻረም በኋላ ብዙ ጊዜ ልማዱ አልለቀቃቸውም፤ ሲያዩት አፋቸው ይያዛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ድንበሩና መርሻ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር፤ ዓለም ከመፈጠሯ በፊት ውሃ ነበረ ወይስ ዛፍ። አንለይ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ አዩት። ዝም አሉ። እሱም እንዳያውካቸው መንገዱን ሊቀይር ዞር ሲል መርሻ ጠራው።

«አያ አንለይ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ከሁሉ በፊት ምን ነበረ?»

አንለይ ቆመ። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ለሰው ያመነውን ተናግሮ ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀምር ትንሽ ጠፋው። ከዚያ የአባቱን እምነት፣ መጀመሪያ ብርሃን እንደነበረ፣ ውሃውም ዛፉም በሱ እንደታዩ፣ እየተንተባተበ ነገራቸው። ሁለቱም ሳያቋርጡት ሰሙት።

«ተሳስተሃል» አለው ድንበሩ፣ ከጥላው ፈቀቅ ብሎ ቦታ እየለቀቀለት። «ተቀመጥና ለምን እንደተሳሳትክ ልንገርህ።»